ገመዱን የያዘው ማን ነው? ከቃላድ ጣይ እስከ ባለፈቃድ ቀያሽ

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይላል የአገራችን ሰው። ብሂሉ ሺህ ዓመት ይቆጥራል፤ ባለቤትም ይጠራል፤ ስንት ክንድ፣ ስንት ገመድ፣ ስንት ጋሻ እንደሆነ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። የበጌምድር ደጋ ነዋሪ ለዘመናት መሬቱን ያወቀው በዘር ሐረጉ፣ በጎረቤቱና በድንበሩ ድንጋይ እንጂ በቁጥር አልነበረም። ዛሬ ግን ከፋርጣ እስከ ጋይንት፣ ከእስቴ እስከ ፎገራ ሜዳ መሬት በቁጥር፣ በካርታና በመዝገብ የሚነገርበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ከዚሁ ጋር አንድ ጥያቄ ተከትሎ መጥቷል። የቅየሳና የካርታ ሥራ የሙያ ፈቃድ ለማን ይሰጥ? ያለ ፈቃድ የለካስ ምን ይደረግ?

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው እንደ ቢሮ ጉዳይ ነው። ዲፕሎማ ይበቃል ወይስ ዲግሪ ያስፈልጋል፣ የስንት ዓመት ልምድ ይጠየቅ፣ ማኅተሙን የትኛው መሥሪያ ቤት ይምታ ይባላል። ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን የደቡብ ጎንደርን የመሬት ታሪክ የተመለከተ ሰው ከሁሉ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ያገኛል። ለኪው ተጠያቂነቱ ለማን ነው? ገመዱን የያዘው ሰው ሲሳሳት የስሕተቱን ዕዳ የሚከፍለውስ ማን ነው? ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው፣ በዚህ አገር ሕዝብ መለካትን እምቢ ያለው መለካትን ስላላወቀ ሳይሆን ለኪው ለእርሱ የማይጠየቅ ሰው ስለነበረ መሆኑን፣ ዛሬ የሚወጣ የፈቃድ ሕግም ይህን ካልመለሰ ስሙን የቀየረ ቃላድ ከመሆን እንደማያልፍ ለማሳየት ነው።

ቃላድ ያልዞረበት አገር

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ቃላድ የተባለው የመለኪያ ገመድ በሸዋና በደቡብ አገሮች ተዘረጋ። መሬቱ በቃላድ እየተለካ በጋሻ ተቆጠረ። አንድ ጋሻ በዛሬው ስሌት ወደ 40 ሄክታር ገደማ ይሆናል። ለም፣ ለም-ጠፍ እና ጠፍ እየተባለም በደረጃ ተመደበ። ይሁን እንጂ የቃላዱ ርዝመት እንደየአገሩ ይለያይ ነበር፤ የጋሻውም ስፋት እንዲሁ። መሬቱ ለም ነው ወይስ ጠፍ ብሎ የሚፈርደውም ከመንግሥት የታዘዘ ሰው ነበር። ስለሆነም ቃላድ ጣዩ ገመድ ብቻ የያዘ ሰው አልነበረም፤ ማን ባለመሬት፣ ማን ጭሰኛ ሆኖ እንደሚቀር በሚወስን ሥራ ላይ የተሠየመ ባለሥልጣን ነበር። የተለካው መሬት ለመንግሥት፣ ለሹማምንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ሲከፋፈል፣ የቀድሞው ባለይዞታ በሠርቶ አዳሪነት በገዛ ቀዬው ላይ የቀረበት አገር ብዙ ነው። የቃላድ ጣዩ ሹመት ከላይ የመጣ ነው፤ ተጠያቂነቱም ወደ ላይ ብቻ ነበር።

በጌምድር፣ ጎጃምና ትግራይ ከዚህ ቃላድ በአብዛኛው ውጭ ሆነው ቆዩ። በእነዚህ አገሮች መሬት የሚያዘው በርስት ሥርዓት ነበር። አንድ ሰው ከመጀመሪያው አቅኚ አባት መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ሲያስረዳ ከዘመዶቹ ጋር ድርሻ ይጠይቃል። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር አለን ሆበን በጎጃም ዳሞት ያጠናውንና እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያሳተመውን ሥራ ያነበበ ሰው፣ ይህ ሥርዓት ምን ያህል ክርክርና ድርድር የሞላበት እንደነበር ይረዳል።

እዚህ ላይ አንድ ሰፊ ስሕተት መታረም አለበት። ርስት አልተለካም ማለት ገበሬው መለካት አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። በገመድ፣ በክንድ፣ በእርምጃ ይለካ ነበር፤ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰውን መሬት ጥማድ ብሎ ይቆጥር ነበር። ዘመዳሞች ሲካፈሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ገመዱ በሁሉም ፊት ይዘረጋል፤ ለሙም ጭንጫውም ለሁሉ እንዲዳረስ ተደርጎ ይከፈላል፤ በብዙ ቦታም ድርሻው በዕጣ ይወጣል። የዕጣውን ጥበብ ልብ ይሏል። ገመዱን የሚዘረጋው ሰው የትኛው ቁራሽ ለማን እንደሚደርስ ስለማያውቅ፣ ቢያዳላ ጉዳቱ በራሱ ወይም በገዛ ወገኑ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አድልዎን የከለከለው የለኪው ጽድቅ ብቻ ሳይሆን የሥርዓቱ አሠራር ነበር። ከዚያም በላይ የለካው ሽማግሌ በማግሥቱ እዚያው ደብር ያስቀድሳል፣ እዚያው ገበያ ይውላል፣ እዚያው እድር ይቀመጣል። ቢያጣምም የሚሸሽበት አገር የለውም።

በርስቱ ሥርዓት ውስጥ ግፍ አልነበረም እያልን አይደለም። ኃይለኛው ደካማውን ያፈናቅል ነበር፤ የሙግቱ ወጪ ደኻውን ይጨርስ ነበር፤ ሴቶች በሕግ የነበራቸውን የርስት መብት በተግባር ለማስከበር ይቸገሩ ነበር፤ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ በብዙ ቦታ ከርስት ውጭ ነበሩ። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ለኪው ለተለካላቸው ሰዎች ይጠየቅ ነበር።

ንጉሡ በዓይን፣ እንግዳው በመሣሪያ

ዘመናዊው የመለኪያ መሣሪያ ወደዚህ አገር የገባው በእንግዶች እጅ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ የኮከብና የፀሐይ መመልከቻ ይዞ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው አንቷን ዳባዲ ግን ከሁሉ ይልቃል። ይህ ሰው ከወንድሙ ከአርኖ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 ድረስ በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ፣ ከሰሜን ጀምሮ እስከ ከፋ ድረስ ተራራ ለተራራ ማዕዘን እየለካ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቦታዎችን አቀማመጥ መዘገበ። ውጤቱ «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» በሚል ርእስ በፈረንሳይኛ ታተመ። በዘመኑ ከአውሮፓ ውጭ ብዙ አቻ ያልነበረው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ለማን ተለካ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ ለአውሮፓ ምሁራን ነው። ተራራው የኛ፣ ካርታው የሌላ ሆነ።

በዚያው መቶ ክፍለ ዘመን በደብረ ታቦር ሌላ ዓይነት ልኬት ታየ። የየጁው ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት ደብረ ታቦር በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመንግሥት መቀመጫ ነበረች። በአጠገቧ ባለችው ጋፋት ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን አሰባስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ክብደት ያለው መድፍ አሠሩ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ ያንን መድፍ የጅጣንና የበሽሎን ገደል አሻግሮ የሚያወጣ መንገድ ማሠራት ነበረባቸው። ጉዞው እስከ መጋቢት ድረስ ወራት ፈጀ። ንጉሡ ከሠራዊታቸው ጋር በገዛ እጃቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ እንደነበር በዚያ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል።

ያ መንገድ የተሰመረው ዛሬ ፈቃድ በምንለው ወረቀት አልነበረም። ሆኖም ፈተናው ከወረቀት ይልቅ ጨካኝ ነበር፤ መንገዱን ያሰመረው ሰው ራሱ ይሄድበታል። ቁልቁለቱን አሳስቶ ከገመተ መድፉ ተንሸራቶ የሚያደቀው የገዛ ሰዎቹን ነው። ያወጡት መንገድ የመከራ መንገድ መሆኑ፣ መጨረሻውም በመቅደላ አምባ የንጉሡ ሞት መሆኑ የታወቀ ነው። ስለ ልኬት ግን አንድ እውነት ትቶልናል። ለኪው የስሕተቱ ዕዳ ተካፋይ ሲሆን ዓይኑ ይጠነቀቃል።

መዝገቡ የቀረበት ምክንያት

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ማዕከላዊው መንግሥት ግብርን በመላ አገሪቱ አንድ ለማድረግ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በጋሻና በለምነት ደረጃ እንዲከፈል የሚል ስለነበረ በጎጃም፣ በበጌምድርና በትግሬ ጠቅላይ ግዛቶች ተቃውሞ ገጠመው። በዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው አዋጅ በተለካው አገር ለለም ጋሻ ግብሩና አሥራቱ በድምሩ 50 ብር፣ ለለም-ጠፍ 40፣ ለጠፍ 15 እንዲከፈል ሲወስን፣ ሦስቱ ጠቅላይ ግዛቶች ግን ከወረራው በፊት በ1927 ዓ.ም. ይከፍሉት በነበረው መጠን እንዲቀጥሉ ፈቀደ። መንግሥት ገመዱን ጠቅልሎ ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው።

በ1960 ዓ.ም. አሥራትን የሚሽር የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣም ጎጃም ላይ ዐመፅ ተነሣ። በወረቀት ላይ አዋጁ ስለ ገቢ እንጂ ስለ ልኬት አልነበረም። ገበሬው ግን ገማች መጣ ማለት ለኪ መጣ ማለት ነው፣ ለኪ መጣ ማለት ደግሞ ርስት ሄደ ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ጦር ተልኮ ብዙ ጉዳት ከደረሰ በኋላ አገረ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፉም ተማረ። የአዲስ አበባ ሰዎች ይህን ድንቁርና ብለውታል። ድንቁርና አልነበረም። የሰሜን ገበሬ የቃላድን ሥራ በደቡብ ሰምቷል። ገመዱ ምን እንዳመጣ ያውቃል።

የዚህ አለመተማመን ዋጋ ግን ለገበሬውም ተርፏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ አንድ ሙሉ አንቀጽ፣ ከቁጥር 1553 እስከ 1646፣ ይዟል። መዝገቡ፣ ፕላኑ፣ መዝጋቢው፣ የመዝጋቢው ኃላፊነት ሁሉ በዝርዝር ተጽፏል። ነገር ግን በዚያው ሕግ መጨረሻ ቁጥር 3363 ላይ፣ ይህ ክፍል ቀኑ በነጋሪት ጋዜጣ በትእዛዝ እስኪገለጽ ድረስ ሥራ ላይ አይውልም ተባለ። ትእዛዙ ሳይወጣ ንጉሠ ነገሥቱም ሄዱ፣ ደርግም ሄደ። መሬት መዝጋቢ ሲያጠፋ ተጠያቂ የሚሆንበት ሕግ ከስድሳ ዓመት በላይ በመጽሐፍ ውስጥ ተኝቷል።

ከሰማይ የመጣ ካርታ

ታች ያለው ልኬት እንዲህ ሲጓተት፣ ላይ ላዩን አገሪቱ ካርታ አገኘች። የካርታና የጂኦግራፊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 ተመሠረተ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዐባይ ተፋሰስ ጥናት የመጡ አሜሪካውያን ቀያሾች፣ በሱዳን ጠረፍ አዲንዳን ከተባለ ነጥብ ተነሥተው የልኬት መረባቸውን ወደ ኢትዮጵያ ዘረጉ። በ1960ዎቹ ደግሞ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ተልእኮ በአውሮፕላንና በሄሊኮፕተር እየታገዘ አገሩን አካለለ። የአገራችን ካርታዎች ለረጅም ዘመን አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ላይ የቆሙት ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚያ ሥራ የተወለደው የ1፡50,000 ካርታ ለመንገድ፣ ለግድብና ለጦር እጅግ ጠቃሚ ነው። ለገበሬው ግን ምንድን ነው? በዚያ ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር በመሬት ላይ 50 ሜትር ነው። እንግዲህ 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ሩብ ሄክታር፣ ይኸውም ገበሬው አንድ ጥማድ የሚለው ማሳ፣ በካርታው ላይ የመርፌ ቁልፍ ራስ ታህል ነጥብ ትሆናለች። ጉና ተራራ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታው ተጽፎለት ጎልቶ ይታያል፤ ከእርሱ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ ይታያሉ፤ ከሥሩ የሚያርሰው ሰው ግን አይታይም።

አረንጓዴው ደብተር

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ገበሬ ማኅበራት መሬት አካፋይ ሆኑ። በአማራ ክልል ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ዳግመኛ ሽግሽግ ተካሄደ። በዚያ ሽግሽግ ቀድሞ በሥልጣን ላይ ነበሩ የተባሉ ቤተሰቦች «ቢሮክራት» እና «ፊውዳል» የሚል ስም ተለጥፎባቸው ድርሻቸው እንዲያንስ መደረጉን በዘመኑ የነበረ ሁሉ ያስታውሳል። አሁንም ገመዱን የዘረጋው ኮሚቴ ነበር፤ የገመዱን ርዝመት የወሰነው ግን ፖለቲካው ነው።

ከዚህ በኋላ የክልሉ አዋጅ ቁጥር 46/1992፣ ቀጥሎም 133/1998 ወጥተው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ጀመረ። በየቀበሌው ሕዝቡ የመረጠው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ በገመድና በሜትር እየለካ፣ አዋሳኞችን በአራቱም ማዕዘን በስም እየጠራ ጻፈ። ባልና ሚስት ስማቸው አብሮ ተመዘገበ፤ ፎቶግራፋቸውም ተለጠፈ። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ይህ መሬት የእኔም ነው ብላ የምታሳየው ወረቀት ያገኘችበት ጊዜ ይህ ነው። ወጪውም ከሌሎች አገሮች ምዝገባ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነበር።

የዚያ ደብተር ኃይል ከመሣሪያው አልመጣም። መሣሪያው ገመድ ነበር። ኃይሉ የመጣው ለኪዎቹ የሰፈር ሰዎች ከመሆናቸውና ልኬቱ በጎረቤት ፊት ከመካሄዱ ነው። በአሮጌው የዕጣ ሸንጎ የነበረው መተማመን በአዲስ ወረቀት ላይ ተመለሰ። ድካሙም ግልጽ ነበር። ደብተሩ ካርታ የለውም፤ አዋሳኙ ሲሞት ወይም መሬቱ ሲወራረስ በ«ምሥራቅ» የተጻፈው ስም ባዶ ይሆናል፤ ድንበር ገፊ በሌሊት ድንጋዩን ቢያነሣ ወረቀቱ ወዴት እንደነበረ አይናገርም።

ተዳፋቱ የበላው መሬት

ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ የመጣው ይህን ለመሙላት ነው። በፊንላንድ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በብሪታንያ ድጋፍ ደግሞ በ2014 የተጀመሩ ፕሮግራሞች ታክለውበት፣ ከአየር በተነሣ ምስል ላይ የእያንዳንዱ ማሳ ድንበር እየተሰመረ ካርታ ያለው ማረጋገጫ ይሰጥ ጀመር። ሥራው ትልቅ ነው፤ ጠቃሚም ነው። ነገር ግን ልኬት ሙያ ሆኖ ገበሬው በዓይኑ ሊያጣራው ከሚችለው በላይ የሆነው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጉና ወገብ ላይ ያለ ማሳ 30 ዲግሪ ያዘነበለ ነው እንበል። ኮሚቴው ገመዱን በመሬቱ ገጽ ላይ ዘርግቶ ሽቅቡን 100 ሜትር፣ አግድሙን 100 ሜትር ለክቶ አንድ ሄክታር ብሎ ጽፏል። ካርታ ግን የሚሠራው ከላይ እንደታየ፣ በአግድም ርቀት ነው። ያ 100 ሜትር ሽቅብ በካርታ ላይ 86.6 ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሄክታሩ 0.866 ሄክታር ሆነ። ድንበሩ አንዲት ስንዝር አልተነቃነቀም፤ ከወረቀቱ ላይ ግን ከመቶ 13 እጅ ጠፋ። ገበሬው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዞ መሬቴ ተቆረሰ ቢል ማን ይፈርድበታል? ኩርባውንና ተዳፋቱን የሚያውቅ ባለሙያ ቆሞ ካላስረዳው፣ የአያቱን የቃላድ ፍርሃት ትክክል ነበር ብሎ ይመለሳል።

ሁለተኛ ምሳሌ፣ የልኬት መነሻው ጉዳይ ነው። በአዲንዳን ላይ የቆመ አሮጌ ካርታና ዛሬ ጂፒኤስ በሚሰጠው ቁጥር መካከል በአገራችን ወደ 200 ሜትር የሚደርስ ልዩነት አለ። ይህን ሳያውቅ ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ማሳውን ወስዶ ጎረቤት ቀበሌ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። ሦስተኛ፣ በእጅ የሚያዝ ተራ ጂፒኤስ የጥቂት ሜትር ስሕተት አለው። በ50 ሜትር ማሳ አንድ ጎን ላይ የ5 ሜትር ስሕተት 250 ካሬ ሜትር ነው፤ ከሩብ ሄክታር ላይ አንድ አሥረኛ። ሰፊ እርሻ ላለው ባለሀብት ይህ ምንም አይደለም። ልጆቹን በአንድ ጥማድ ለሚያሳድር ገበሬ ግን የአንድ ወር ቀለብ ነው።

ስለዚህ ልኬት ሙያ ነው፤ ሙያም ፈቃድ ይሻል። በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ክርክራችን ፈቃዱ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ላይ ነው።

ፈቃዱ አጥር ወይስ ዕዳ?

በዓለም ላይ የፈቃድ ሕግ ሁለት ፊት አለው። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና አንድ የድሮን ባለሙያ ከአየር ያነሣቸውን ምስሎች አገጣጥሞ ካርታ መሳይ ምስል ለደንበኞች ያቀርብ ነበር። የክልሉ የመሐንዲሶችና የቀያሾች ቦርድ ያለ ፈቃድ ቅየሳ ነው ብሎ አስጠነቀቀው። ሰውየው የመናገር ነጻነቴ ተነካ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሰሰ፤ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ2024 ለቦርዱ ፈረደ። ከቦርዱ ጋር የሚስማሙ ሕዝብን ከተሳሳተ ካርታ መጠበቅ ነው ይላሉ፤ የሚቃወሙ ደግሞ ነባር ባለሙያዎች ገበያቸውን የሚያጥሩበት አጥር ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል።

ወደ ጎረቤቶቻችን እንመለስ። በኬንያ የቅየሳ ሕግ ፈቃድ የሚሰጠው በቦርድ ነው፤ ዳይሬክተሩም ከተፈቀደው ወሰን ያለፈ ስሕተት የሠራውን ባለፈቃድ በገዛ ወጪው እንዲያርም የማዘዝ ሥልጣን አለው። ፈቃድ ማለት ዕዳ ማለት ነው እንዲሉ። ሩዋንዳ በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳዎችን ስትመዘግብ በዲግሪ ባለቤቶች ብቻ አልሠራችም፤ የአጭር ጊዜ ሥልጠና የወሰዱ የየአካባቢው ሰዎች የአየር ምስል ይዘው በጎረቤት ፊት ድንበሩን አሰመሩ። ሁሉን ሥራ ለባለዲግሪ ብቻ ብትል ኖሮ ዛሬም አትጨርስም ነበር።

የእኛ አገር ፈቃድ ግን በብዙ በር ተበታትኗል። በኮንስትራክሽን ዘርፍ ያለው ቀያሽ እንደ መሐንዲሱ ሁሉ በባለሙያነት ይመዘገባል። የከተማ ይዞታ ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 818/2006 ይመራል። የገጠሩ በክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ በፌዴራል ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ይመራል። የአገሪቱ የጂኦስፓሻል ሥራ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ድሮን ለማስነሣት ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ደጅ መጥናት ያስፈልጋል። ከእነዚህ በሮች ሁሉ የሚነበበው ጥያቄ ማን ፈቀደልህ የሚል ነው። ለማን ትጠየቃለህ የሚለው ደብዝዟል።

ከሁሉ የከፋው የሥልጣን መደራረብ ነው። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚያስተዳድረው መንግሥት ነው፤ ለኪውን የሚቀጥረው መንግሥት ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ አቤቱታውን በመጀመሪያ የሚሰማውም ያው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። ለኪ፣ አስለኪና ዳኛ አንድ ሲሆኑ ገበሬው ወዴት ይጮኻል? በቃላድ ዘመን የነበረው ችግር ይኸው አልነበረምን?

እንግዲህ ታሪኩ ከሚያስተምረው ተነሥተን አምስት ነገሮችን እንላለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የማሳ ካርታ የለካውን ሰው ስምና የፈቃድ ቁጥር ይያዝ፤ ግልባጩም በገበሬው እጅ ይግባ። ስም የሌለው ልኬት ባለቤት የሌለው ዱላ ነው። ሁለተኛ፣ ከወሰን ያለፈ ስሕተት የሠራ በራሱ ወጪ ይመለስና ያርም፤ ስሕተቱ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ይክፈል። ሦስተኛ፣ ፈቃድ ምስክርን አይተካ፤ አዋሳኞች ቆመው ያላዩት፣ በአማርኛ ተነቦ ያልተሰማ ካርታ አይጽና። አራተኛ፣ ፈቃዱ በደረጃ ይሁን። የቀበሌ ወጣት በአጭር ሥልጠና ድንበር ያሰምር፤ በእርሱ ላይ የሚፈርምና የሚጠየቅ ባለሙያ ይኑር። መብትን የማይነካ የምስልና የጥናት ካርታ የሚሠራውን ወጣት ግን ሕጉ አያሳደው። አምስተኛ፣ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚነጥቀው፣ አቤቱታም የሚሰማው አካል ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ የተለየ ይሁን፤ በውስጡም ባለሙያው ብቻ ሳይሆን ባለይዞታው ይወከል።

ይህ ሁሉ ወጪ አያንርምን? የሚል ሰው ይኖራል። ራቅ ባለ ቀበሌ የሚገኝ ገበሬ ከባሕር ዳር ባለፈቃድ ሊያስመጣ አይችልም የሚለው ስጋት እውነት ነው። ስለዚህም ነው ደረጃ ያስፈልጋል ያልነው። ሌላው ደግሞ፣ አሁን ክልሉ ባለበት ግጭት ውስጥ ይህ የቅንጦት ጥያቄ ነው ይላል። እኛ ግን በተቃራኒው እናያለን። ጽሕፈት ቤት በተዘጋበት፣ ሰው በተፈናቀለበት ጊዜ ነው ድንበር የሚገፋው። ሰላም ሲመለስ በየቀበሌው የመጀመሪያው ሙግት የመሬት ሙግት ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ሁለቱም ወገን አምኖ የሚቀበለው ለኪ ካልተገኘ ጠቡ ከጦርነቱ ዕድሜ ይረዝማል።

የበጌምድር ሰው ቃላድን መልሷል፤ አረንጓዴውን ደብተር ግን ተቀብሏል። ልዩነቱ የገመዱ ዓይነት አልነበረም፤ የያዘው እጅ ነበር። ፈቃድ የሚያረቁ ሰዎች ይህን አንድ ነገር ካልዘነጉ ሌላው ሁሉ በትምህርት የሚገኝ ነው።